አላኳን መልሱ

(በፈረንጆች 1764 ዓ.ም. መከር፣ በሰሜን አሜሪካ በኦሃዮ ምድር፣ ሻውኒ በተባሉ የአገሩ ነባር ሰዎች መንደር፤ ጦር የማስቆም ሥልጣን ያላት የሴቶቹ የሰላም እናት ዋቤቲ፣ ከእንግሊዝ ጦር ሰፈር አሁን የተመለሰውን ታላቅ ወንድሟን፣ የጦር አለቃውን ሙካቴን፣ ደጃፏ ላይ አቁማ አላስገባም ብላዋለች።)

ዋቤቲ፦ አትገባም አልኩህ! እዚያው ቆመህ ተናገር።

ሙካቴ፦ ሁለት ቀን በእግሬ የተጓዝኩ ሰው ነኝ። ውሃ እንኳ አትሰጪኝም?

ዋቤቲ፦ ውሃ ወንዙ ውስጥ ሞልቶልሃል። ልጄን ልትወስድ መጥተህ በልጄ ቅል አትጠጣም።

ሙካቴ፦ ማን ነገረሽ?

ዋቤቲ፦ ወሬ እግር አያስፈልገውም። “ከነጭ የተወለደውን ሁሉ መልሱ” አሉ አይደል?

ሙካቴ፦ ሁሉንም። ሕፃንም ይሁን፣ እዚህ አግብቶ የወለደም ይሁን። አሥራ ሁለት ቀን ሰጡን፤ ሰባቱ አልፏል።

ዋቤቲ፦ እኔ ቤት ነጭ የለም። ያለችው አላኳ ናት።

ሙካቴ፦ ፀጉሯ የበቆሎ ጺም የመሰለ፣ ፊቷን ጠቃጠቆ የሞላው አላኳ።

ዋቤቲ፦ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲባል አልሰማህም?

ሙካቴ፦ እህትዓለም፣ አትቀልጂ።

ዋቤቲ፦ ማን ቀለደ? ፈንጣጣ ልጄን ሲወስድብኝ፣ ይቺን በአራት ዓመቷ ከነጮቹ ማርከህ አምጥተህ “በሟቿ ቦታ ተኪያት” ያልከኝ አንተ ነህ። ወንዝ ወርደን አጠብናት። የድሮ ደሟን ውሃው ወሰደው፤ የሟቿን ስም ሰጠናት። አንተም ቆመህ ታይ ነበር። አሁን ውሃውን በምን ልመልሰው?

ሙካቴ፦ ይህንኑ ነገርኳቸው። አንድም ሳላስቀር።

ዋቤቲ፦ እና?

ሙካቴ፦ አስተርጓሚው ሳቀ።

ዋቤቲ፦ እንግዲያው ተዋጋ።

ሙካቴ፦ ምን አልሽ?

ዋቤቲ፦ ተዋጋ! አምና ምሽጎቻቸውን አንድ በአንድ ስትሰብሩ አልነበረም? የጦር አለቃ አይደለህ?

ሙካቴ፦ ይህን የምትይኝ አንቺ ነሽ? ባለፈው ወር ባዶ እጅሽን ደጄ መጥተሽ፣ “የወለደ አንጀት በቃኝ ይላል፤ መጥረቢያህን አስቀምጥ” ያለው ማን ነበር? የእናቶች ቃል ከመጣ የጦር አለቃ እንቢ አይልም። እኔም እንቢ አላልኩም። ጎረምሶቹ “ሴት ያሸነፈችው” እያሉ ሲሰድቡኝ አስቀመጥኩ።

ዋቤቲ፦ አሁን አንሳ ብያለሁ።

ሙካቴ፦ የእናቶች ቃል ጦር ያስቆማል እንጂ አያስነሳም። ሕጉን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ዋቤቲ፦ አውቃለሁ። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

ሙካቴ፦ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ዋቤቲ፦ ወለምታ አልነበረም! ከልቤ ነው የተናገርኩት። ሰላም ማለት ልጆቻችን በየቤታቸው የሚያድሩበት መስሎኝ ነው። ልጄን ከፍዬ እንደማገኘው ማን ነገረኝ?

ሙካቴ፦ እኔስ መች አወቅሁ? ብነሳስ በምን እዋጋለሁ? ባሩድ የሚያቀብሉን ፈረንሳዮች አገራችንን እንደ ራሳቸው ለእንግሊዞች ፈርመው ሄዱ። የቀረችን ባሩድ ለአደን እንኳ አትበቃም። እነሱ ሺህ አምስት መቶ ናቸው። እንቢ ካልን በቆሎውን ያቃጥሉታል፤ ከዚያ በኋላ በረዶው ይጨርሰናል፤ ጥይት አያባክኑም።

ዋቤቲ፦ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ይባላል። እነዚህስ በአራተኛው ምን ሆኑ?

ሙካቴ፦ ባለርስት።

ዋቤቲ፦ ጫካ እደብቃታለሁ። አንተ ሞተች በላቸው።

ሙካቴ፦ ወረቀታቸው ላይ ሰፍራለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ደግሞ የወለዳት አባት ከጦሩ ጋር መጥቷል። “ትከሻዋ ላይ የእሳት ጠባሳ አላት” እያለ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል።

ዋቤቲ፦ ግራ ትከሻዋ ላይ?

ሙካቴ፦ ግራ ትከሻዋ ላይ። ሰውየው ክፉ አይመስልም። ብጠላው ይቀለኝ ነበር።

ዋቤቲ፦ ቋንቋቸውን እኮ አታውቅም! ከእንቅልፏ ስትባንን ማንን ልትጠራ ነው? ንገረኝ እንጂ፤ ማንን ልትጠራ ነው?

ሙካቴ፦ እሺ። ውሰጃት።

ዋቤቲ፦ ምን?

ሙካቴ፦ ወደ ምዕራብ፣ ወደ እናታችን ዘመዶች ይዘሻት ሂጂ። እኔ ፈልጌ አጣኋት እላለሁ።

ዋቤቲ፦ ወንድሜ! እውነትህን ነው? ቆይ እንጂ... ስትሄዱ ሰባት ነበራችሁ። ስትመለሱ ያየሁት አንተንና አብሯችሁ የሄደውን ሽማግሌ ብቻ ነው። ሌሎቹስ?

ሙካቴ፦ ቀሩ።

ዋቤቲ፦ ቀሩ ማለት ምን ማለት ነው?

ሙካቴ፦ ልጆቹን እስክናስረክብ መያዣ አድርገው አስቀሯቸው።

ዋቤቲ፦ ልጅህ ኔካናስ?

ሙካቴ፦ ውሰጃት አልኩሽ እኮ። ጀንበር ሳለች ውጪ።

ዋቤቲ፦ ኔካና እነሱ ጋ ነው?

ሙካቴ፦ እግሩ ላይ ብረት አስገብተውበታል።

ዋቤቲ፦ ይህን ሁሉ ስጮህብህ ለምን አልነገርከኝም?

ሙካቴ፦ ምን ብዬ? ልጅሽን ስጪኝና ልጄን ላድን ልበል? አፌ እንቢ አለኝ።

ዋቤቲ፦ ታዲያ አባት ሆነህ እንዴት ውሰጃት ትላለህ?

ሙካቴ፦ ምን ላድርግ? ወዲህ ብል አንቺ አለሽ፣ ወዲያ ብል እሱ አለ። ሦስት ጦርነት አይቻለሁ፤ እንደዛሬ መላው የጠፋኝ ቀን የለም።

ዋቤቲ፦ የሌሎቹን ሴቶች ልጆች እንዴት ነው የምትወስዷቸው? ጠዋት ከላይኛው መንደር ጩኸት ሰምቻለሁ።

ሙካቴ፦ እያሰርን ነው። ካላሰርናቸው እየሮጡ ወደ እናቶቻቸው ይመለሳሉ።

ዋቤቲ፦ አላኳ ማሳው ውስጥ ዱባ እየለቀመች ነው።

ሙካቴ፦ እኔ ልጥራት። አንቺ ቤት ግቢ።

ዋቤቲ፦ አንተ ብትጠራት ታመልጣለች። እኔን ታምነኛለች። ገመዱን ስጠኝ፤ አንተ ስታስር ታጠብቃለህ።