ስለ ነጩ መኪና የተባለችው አንዲት ቃል

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ በዋናው መዝገብ ላይ ተይዟል፤ በዚህ ግልባጭ ላይ ተሸፍኗል
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ ቪዲዮ ቀራጭ
አድራሻ፦ ከባለቤቷ ጋራዥ በላይ ባለው ፎቅ
ከተጎጂው ጋር ያላት ዝምድና፦ ታላቅ እህት
ከተጠርጣሪው ጋር ያላት ዝምድና፦ ሚስት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ አደጋው በደረሰ ማግስት፣ ረፋድ ላይ

እኔ ከላይ ማንነቴ የተገለጸው ምስክር፣ በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተነግሮኝና ገብቶኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ከዝምድናው እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም መርማሪው "እህት" እና "ሚስት" የሚሉትን አከታትሎ ሲጽፍ ቀና ብሎ አይቶኛል። አዎ፣ ሁለቱንም ነኝ። ሆስፒታል ተኝቶ እስካሁን ያልነቃው ወንድሜ ነው። እዚህ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ በር የተዘጋበት ባሌ ነው። እናቴ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ አጠገቧ እንዳልቀመጥ ቦርሳዋን መሃል ላይ አስቀምጣለች። ለማን ታደያለሽ የሚለኝ ካለ፣ እኔም ራሴን ይህንኑ ስጠይቅ አድሬያለሁ።

ታናሽ ወንድሜ መኪና ከመኪና የሚያወዳድር ቪዲዮ ይሠራል፤ የምቀርጸው እኔ ነኝ። ሰው የሚያውቀው "ተርቦ" በሚል ቅጽል ስሙ ነው። ስሙ የመጣው ሞተር ውስጥ አየር አምቆ እያስገባ ጉልበት ከሚጨምረው ዕቃ ነው። እናቴ መጀመሪያ የሰማች ጊዜ፣ "ልጄን አጥግቤ ነው ያሳደግኩት፤ ማነው ተርቦ ያላችሁ?" ብላ ጓደኞቹን ከበር መልሳቸዋለች። መርማሪው ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ብሎኛል። ይገናኝም አይገናኝ እንደተናገርኩት ይጻፍልኝ ብዬዋለሁ።

ባለቤቴ የመኪና ሜካኒክ ነው፤ ወሬ አይወድም። አንድ ሥራ ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ውሰዱት" ይላል። ደንበኛው ምን ነበር ችግሩ ብሎ ቢጠይቀው እንኳ መልሱ ያው "ውሰዱት" ነው። ስንጋባ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነገር አያመጣም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለንጽጽር የቀረቡት ሁለቱ ተሽከርካሪዎች ትናንሽ ሆነው ተርቦ የተገጠመላቸውና ለፍጥነት የተዘጋጁ ናቸው። ቀዩ የወንድሜ ነው። ነጩ የባለቤቴ ደንበኛ የሆነ የጥርስ ሐኪም ንብረት ሲሆን፣ ሐኪሙ ያዋሰን ባለቤቴን አምኖ ነው። ዕቅዳችን ጠዋት በመንገድ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከከተማው ውጪ ባለው ትራክ ላይ ሁለቱን ማነጻጸር ነበር።

ትናንት ጠዋት ወንድሜና እኔ ወደ ተራራው በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ቀረጻ ጀመርን። መንገድ ላይ ነጩ በለጠ። ነዳጅ ገና ሲነካ ይነሳል፤ የተቦረቦረ አስፋልት ላይ እንኳ ካሜራ የያዘ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ቀዩ ግን ስትረግጠው ዝም ይላል፣ አሁንም ዝም ይላል፣ ከዚያ ተርቦው ሲነቃ አንገት ይሰብራል። ወንድሜ ካሜራው ፊት፣ "ነጩ አማት ቤት የሚኬድበት ነው፣ ቀዩ ከአማት የሚያጣላ" ብሎ ቀልዷል። ቁልቁለቱን ስንወርድ ከነጩ ጎማዎች በኩል የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ስነግረው፣ "ሙቀት ነው እትዬ፤ አዲስ ጫማም እግር ይልጣል" አለኝ። መኪናው ግን አዲስ አልነበረም። ሽታው ልብሴ ላይ ቀርቶ ምሳ አስጠልቶኛል።

ትራኩ በር ላይ ባለቤቴ በፒካፑ ቀድሞን ደርሶ ነበር። ስለ ሽታው ነገርኩት። ወደ ወንድሜ ዞሮ፣ "ይሄ ለመንገድ የተሠራ መኪና ነው፤ እዚህ አታሰቃየው" አለው። ወንድሜም የትራኩ ጥበቃ በቆመበት፣ "ጋሼ፣ አንተ እኮ እህቴንም በአንደኛ ማርሽ ነው የምትነዳት" ብሎ አሾፈበት። ጥበቃው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ባለቤቴ፣ "ሳቅ፤ ይሄ መኪና ዛሬ ጉድህን ያሳይሃል" አለው።

ጥበቃው ይህን ንግግር ለፖሊስ እንደ ዛቻ አድርጎ መናገሩ ተነግሮኛል። በተናገረ ጊዜ ፊቱ ምን ይመስል ነበር ተብዬ ስጠየቅ፣ ጨልሞ ነበር ስል መለስኩ። ባሌ ነው ብዬ አልዋሽም። በሰው ፊት መሳለቂያ ሆኖ ፊቱ የማይጨልም ወንድ ካለ ግን ይቅረብና እሱም ቃሉን ይስጥ።

ትራኩ ላይ ነገሩ ተገላበጠ። ቀዩ ሜዳውን ሲያገኝ ጠባዩ አማረ፤ ኩርባ ላይ መሬቱን ቆንጥጦ ይዞራል፣ ፍሬን ሲያዝ ይቆማል። ነጩ ግን ከጥቂት ዙር በኋላ ኩርባው ላይ ወደ ውጪ መንሸራተት ጀመረ፤ ሽታውም ከሩቅ መጣ። ወንድሜ ወደ ማረፊያው አስገብቶ ሲወርድ የፍሬኑ ፔዳል እግሩ ሥር እንደ ስፖንጅ መለስለሱን ነገረን። ከዚያ በኋላ ነገር ዓለሙን ረስቶ ቀዩን ይዞ ወጣ፤ እኔም እሱን ለመቅረጽ ከማረፊያው ግንብ ጥግ ቆምኩ። ባለቤቴ የፍሬን ዘይት ጠርሙስ ይዞ ነጩ አጠገብ ተንበርክኮ በጎማው ቸርኬ ቀዳዳ ማየት ሲጀምር አየሁት፤ ከዚያ በኋላ ሲነካካ በጀርባዬ በኩል ይሰማኝ ነበር። ምን እንዳደረገ ግን ዞሬ አላየሁም። አሁን ያላየሁት ነገር ሁሉ እየመጣ ያስቸግረኛል።

ወንድሜ ሲመለስ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ከቀዩ ወርዶ ስለ ነጩ ሁኔታ ባለቤቴን ጠየቀው። ባለቤቴም የነጩ ተሽከርካሪ የፍሬን ሥራ መጠናቀቁን ገለጸለትና ወደ ትራኩ መጨረሻ፣ የመለዋወጫ ዕቃው ወደተቀመጠበት ኮንቴነር ሄደ። ወንድሜ ነጩ ውስጥ ገባ። ቁልፉ እዚያው ነበር። በመስኮቱ በኩል፣ "እትዬ፣ ይሄኛውን ዙር እንዳታበላሺብኝ፤ መዝጊያው ነው" አለኝ። ከአፉ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር በዝግታ ዞረ። ሁለተኛው ላይ ረዥሙን ቀጥታ ሲይዝ የተርቦው ፉጨት እስከ እኔ ድረስ መጣ። ኩርባው ጋ ሲደርስ የኋላ የፍሬን መብራቶቹ በሩ። በሌንሱ ውስጥ ቁልጭ ብለው አይቻቸዋለሁ፤ ቀረጻውም ላይ አሉ። መብራቶቹ በርተዋል፣ መኪናው ግን አልቀነሰም። ለመከላከያ በተደረደሩት ጎማዎች ላይ አልፎ ከኩርባው ውጪ ካለው ግንብ ጋር ተጋጨ። እጄ ካሜራውን መያዙን አላቆመም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በሩጫ ስሄድ ባለቤቴ ከኮንቴነሩ ወጥቶ ቆሞ አየሁት። እጁ ላይ ያልተከፈተ ካርቶን ነበር፤ በኋላ ፖሊስ ከመሬት አንስቶ ሲከፍተው አዲስ የፍሬን ሸራ፣ ፍሬን ሲረገጥ ተጭኖ ጎማውን የሚያቆመው ዕቃ፣ ሆኖ ተገኝቷል። ካርቶኑን ጥሎ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። ወንድሜን ከመኪናው ስናወጣውም፣ እናቴ ሆስፒታል ስትደርስም፣ ሥራው መጠናቀቁን ለወንድሜ ነግሮት እንደነበር ደጋግሞ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ሌላ ቃል አልወጣውም። እናቴ ይህን ስትሰማ አንገቱን ያዘችው፤ "ልጄን ገደልከው፤ በአፍህ ገደልከው" አለችው። እኔም ከመሃላቸው አልገባሁም። ሸራው ካርቶን ውስጥ እያለ ሥራው ተጠናቋል ያለ ሰው ምን ተብሎ ይከላከሉለታል? ያ ሁሉ ዝምታው ለካ ቂም መቋጠሪያ ነበር ብዬ አሰብኩ። ፖሊስ ሲወስደው ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቴን አዞርኩበት። ማምሻውን ነርሷ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወጥታ ሥራው መጠናቀቁን ስትገልጽልን እናቴ ራሷን ስታ ወለሉ ላይ ወደቀች። ሐኪሞቹ ወንድሜ ይነቃል ወይም አይነቃም አላሉም፤ ጠብቁ ብለውናል።

ወንድሜ ካልነቃ ባለቤቴ ምን እንዳለ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ እንደሌለ፣ የእኔ ቃልም ለክሱ መሠረት እንደሚሆን መርማሪው አስረድቶኛል። የምጨምረው ነገር ካለ ተጠይቄ የለኝም ብያለሁ።

ተጨማሪና ማስተካከያ ቃል፦ መርማሪው ከላይ የተጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብልኝ፣ ወንድሜ ስለ ነጩ ጠየቀ ከሚለው ቦታ ሲደርስ አስቁሜዋለሁ። "የፍሬን ሥራ መጠናቀቁን" የሚለው የእኔ ቃል አይደለም፤ የባለቤቴም አይደለም። መርማሪው፣ "እህቴ፣ አሁን ያሉኝን እኮ ነው በጽሕፈት ቋንቋ ያሰፈርኩት፤ ትርጉሙ ያው ነው" አለኝ። ያው አይደለም። ወንድሜ የጠየቀው "የነጩስ?" ብሎ ነው። ባለቤቴ የመለሰው "የነጩ አልቋል" ብሎ ነው። ለመርማሪውም የነገርኩት "አልቋል አለው" ብዬ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህን ያስተዋልኩት አሁን፣ "መጠናቀቁን" የሚለውን ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ ነው። ባለቤቴ በሕይወቱ ሥራ ሲጨርስ "አልቋል" ብሎ አያውቅም። "ውሰዱት" ነው የሚለው። "አልቋል" የሚለው ስለ ሸራ ነው፤ ተበልቶ ብረት ለብረት ሲደርስ። ላዩ ላይ ተኝቼ ከምኖርበት ጋራዥ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ወደ መኝታ ቤቴ ሲወጣ ሰምቼዋለሁ። ኮንቴነሩ ድረስ የሄደው የሚቀይረውን ሸራ ሊያመጣ ነው። ከአደጋው በኋላም ሲደጋግም የነበረው፣ "አልቋል ብዬዋለሁ፤ አልቋል ብዬዋለሁ እኮ" እያለ ነው። ሁላችንም የእምነት ቃል አድርገን ሰማነው። እሱ ለካ አስጠንቅቄው ነበር እያለን ነው።

ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ አለመክተቱ ጥፋቱ ነው፤ ይህንን ለእሱም እነግረዋለሁ፣ ሌላ አንድ ቃል ቢጨምርም አፉ አይጎድልም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ግን ክፉ አላሰበም። ወንድሜም ያልተባለ ነገር አልሰማም፤ ጠርሙስ የያዘ ሜካኒክ አይቶ ተሠርቶ አለቀ ብሎ ነው የሰማው። እኔም አጠገባቸው ቆሜ እንደዚያው ሰማሁ። መርማሪውም፣ ጉዳዩ ምንም የማይነካው ሰው፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንደዚያው ሰምቶ ጻፈው።

መርማሪው ገጹን በንጹሕ ወረቀት ልገልብጠው ብሎኛል። እኔ አልተስማማሁም። የተጻፈው በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ከላዩ "አልቋል" ተብሎ፣ የቀድሞውም እንዲነበብ ሆኖ ይቆይ። ስለ ነርሷ የተጻፈውም እንዲሁ ይታረም። ነርሷ ያለችው "አልቋል" ነው። እሷ ቀዶ ጥገናውን ማለቷ ነበር፤ እናቴ ግን ልጇን መስሏት ነው የወደቀችው። ውኃ ረጭተን እስክናነሳት ድረስ በእሷ ዘንድ ወንድሜ ሞቷል። ስለዚህ እናቴ ከደጅ ትጠራና ይህ ገጽ ይነበብላት ስል አመልክቻለሁ። ሌላ ማንም ባያምነኝ፣ እሷ ይህች ቃል ምን እንደምታደርግ ታውቃለች።

ከዚህ በላይ ያለው፣ የተሰረዘውም ያልተሰረዘውም፣ ጆሮዬ የሰማውና ዓይኔ ያየው እውነት ነው፤ ተነቦልኝ፣ አርሜ፣ በእያንዳንዱ እርማት ጎን በእጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ የተሰረዙትን ቦታዎች የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ምስክሯ የተናገረችው "አልቋል" ብላ ነው። እኔ የሰማሁት ተጠናቋል ብዬ ነው። የተጎጂው እናት በጥያቄው መሠረት ተጠርተው ገጹ ተነቦላቸዋል፤ ካዳመጡ በኋላ ወደ አግዳሚው ተመልሰው፣ መሃል ላይ አስቀምጠውት የነበረውን ቦርሳቸውን አንስተዋል።

የመርማሪው ፊርማ ____________