የጤና ወረቀታቸውን በገዛ እጃቸው የመለሱት አብራሪ

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የሥራ ባልደረቦችና ጎረቤቶች፤ ከሥራችሁም ከመንገዳችሁም ተነሥታችሁ ወንድሜን ለመሸኘት ስለመጣችሁ በቤተሰቡ ስም አመሰግናለሁ። ይህን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ታናሽ እህታቸው ነኝ። ዕድሜ ልኬን አንተ ስላቸው ኖሬ ዛሬ በሰው ፊት አንቱ ማለት ምላሴን እንደሚይዘኝ ለባለቤታቸው ብነግራቸው፣ "ግድ የለሽም፣ ቢሰማሽ ደስ ይለዋል" ስላሉኝ ደፍሬአለሁ። ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ፤ ነገር ግን ሟቹ ራሳቸው በሰው ለቅሶ ላይ ቀልድ ከማውራት የማይመለሱ ስለነበሩ፣ ፈገግ ያለ ሰው ነውር ሠራሁ ብሎ እንዳይሸማቀቅ አደራ እላለሁ።

ካፒቴን፣ ዘመድም ጎረቤትም በዚሁ ስም ነውና የሚጠራቸው፣ ከከተማ አውቶቡስ ሹፌር አባታችንና ከአዋላጅ ነርስ እናታችን የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እናታችን የሰው ልጅ ሲያዋልዱ የኖሩ ቢሆኑም የራሳቸው ልጅ ግን ከቀኑ ቀድሞ፣ እዚያው በሥራ ቦታቸው፣ ተራ በሚጠብቁ እርጉዞች መካከል ስለመጣባቸው፣ ይህ ልጅ ሰልፍ አያውቅም እያሉ ሲያሙት ኖረዋል። ካፒቴን በልጅነታቸው ከአባታችን ወንበር ጀርባ ተቀምጠው ከፊት የሚመጣውን ሁሉ እየጠሩ፣ ቀይ መብራት፣ ብስክሌት፣ ዘንቢል የያዙ ሴትዮ እያሉ የሚሄዱ ስለነበሩ፣ ተሳፋሪው አውቶቡሱ ሁለት ሹፌር አለው ይል ነበር። በትምህርታቸው በሒሳብና በጂኦግራፊ የሚደርስባቸው አልነበረም፤ የእጅ ጽሑፋቸው ግን ለራሳቸውም አይነበብም ነበር።

አባታችን ዕድሜያቸው ገፋ ሲል ዓይናቸው ደከመ። ሹፌሮች በየጊዜው የዓይን ምርመራ ነበረባቸውና፣ አባታችን በሐኪሙ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ ከአንድ ባልደረባቸው ተቀብለው እንደ ዳዊት ሸምድደው ገቡ። የመጨረሻውን ረድፍ ሳይቀር ሲያነበንቡለት ሐኪሙ እንዲህ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም ብሎ ፈረመላቸው። ብዙም ሳይቆይ ባዶ አውቶቡሳቸውን ወደ ጋራዥ ሲያስገቡ ከአጥሩ ጋር አላተሙት፤ ሰው አልተጎዳም፣ የዘበኛው ወንበር ብቻ እንክትክቱ ወጣ። ዘበኛው በዚያች ደቂቃ ውሃ ለመጠጣት ተነሥተው ነበር። አባታችን ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጡም፤ የበኩር ልጃቸውንም ወስደው ያንን የተሰባበረ ወንበር አሳዩአቸው፤ ምንም ምክር አልጨመሩበትም።

ካፒቴን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት እንደፈጸሙ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ተቀበላቸው፤ ሰፈሩም ጉድ አለ። ሰፈሩ ያላወቀው ነገር ቢኖር፣ ሠልጣኙ አውሮፕላኗ ክንፏን ባዘነበለች ቁጥር ሆዳቸው እየተገለባበጠ፣ ፊታቸውን በወረቀት ከረጢት ውስጥ ቀብረው እንደሚመለሱ ነው። ይህን ለአሠልጣኝ መናገር ሞት መስሎ ስለታያቸው፣ ከማሠልጠኛው አጠገብ ካለው መድኃኒት ቤት ገብተው፣ መኪና ላይ ስትወጣ የሚያስመልሳት አክስት አለችኝና ኪኒን ስጡኝ ሲሉ ወጣቷን ፋርማሲስት ጠየቁ። ፋርማሲስቷ የአክስቲቱን ዕድሜና ክብደት ሲጠይቁ ወንድሜ ሳያስቡት የራሳቸውን ተናገሩ። ፋርማሲስቷም የሠልጣኝ ሸሚዛቸውን ከላይ እስከ ታች ከተመለከቱ በኋላ፣ "አክስትዎ አውሮፕላን የሚያበርሩ ከሆነ ይህ ኪኒን እንቅልፍ ያመጣልና ባይወስዱት ይሻላል" ብለው ባዶ እጃቸውን ሸኟቸው። ይልቁንም ባዶ ሆዳቸውን እንዳይበርሩ፣ ደረቅ ብስኩት እንዲይዙ፣ ዓይናቸውንም ከሩቁ አድማስ እንዳይነቅሉ መከሯቸው። ምክሩ ሠራ፤ ወንድሜም ላመስግን በሚል ሰበብ መድኃኒት ቤቱን ሲመላለሱ ዓመት ሞላቸው። ከፋርማሲስቷ ጋር በተጋቡበት ዕለት እውነተኛዋ አክስታችን በክብር እንግድነት ተጠርተው ስለነበር፣ ኪኒኑ በስማቸው እንደተጠየቀ የሰሙት እዚያው ነው፤ ስሜን አጠፋችሁ እያሉም እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲከሱን ኖሩ።

ካፒቴን በመጀመሪያ ፖስታና መድኃኒት በሚያመላልሱ ትንንሽ አውሮፕላኖች፣ ቀጥሎም በትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ ለረጅም ዘመን አገልግለዋል። ሙያቸውን ከሥራ ቦታ ትተው የሚመጡ ሰው አልነበሩምና፣ ቤታቸውም የሚተዳደረው አብራሪ ከመነሣቱ በፊት አንድ በአንድ እየጠራ በሚያረጋግጠው ዝርዝር፣ በቼክሊስት ነበር። ምድጃ ለመለኮስ እንኳ ጋዝ፣ መስኮት፣ ክብሪት እያሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጠሩ፣ ባለቤታቸው ሽንኩርታቸውን እየከተፉ ተረጋግጧል እያሉ ይመልሱላቸዋል። ከዕለታት አንድ ቀን ይህ ሥርዓት ከመጠን አልፎ ራት በዘገየ ጊዜ፣ ባለቤታቸው የዚህ ቤት ካፒቴን ማን እንደሆነ በማያሻማ ቋንቋ አስረድተዋቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አብራሪ የሆናችሁ እንደምታውቁት፣ ያልሆናችሁም እንድታውቁት፣ አብራሪ ሰማይ ላይ የሚቆየው በየጊዜው በሚታደስ የጤና ወረቀት ነው፤ ወረቀቷ ከሌለች እንደማንኛችንም እግረኛ ነው። ስለዚህ ምርመራ ሲቃረብ ሁሉም የሁለት ሳምንት ጻድቅ ይሆናል፤ ቅባት ይተዋል፣ ማታ ማታ ይራመዳል፣ በጊዜ ይተኛል። ምርመራውን ያለፈ ዕለት ደግሞ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ካለው ኬክ ቤት ገብቶ የጾመውን ሁሉ ያካክሳል፤ ኬክ ጋጋሪው ልጆቼን ያሳደግሁት በእናንተ ምርመራ ነው ይላቸው ነበር። ክሊኒኩን የሚመሩት ሐኪም በጥብቅነታቸው የታወቁ ሴት ስለነበሩ፣ አብራሪዎቹ እመት አይሆንም የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር። ዛሬ ከመካከላችን ስለሚገኙ ስሙን አሁን ገና ከሰሙት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወንድሜ አርባ ሰባት ዓመት በሆናቸው ጊዜ እንደ ልማዳቸው ተመርምረው አለፉ፤ እንደ ልማዳቸውም ኬክ አስጠቅልለው በማግሥቱ ወደ እኔ ቤት መጡ። ሦስተኛ ፎቅ ከሚገኘው ቤቴ ሳይደርሱ ሁለተኛው ላይ ደረታቸውን አንድ ነገር ጨምድዶ ያዛቸውና ኬኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። በሩን ከፍቼ ወደ ታች ወርጄ ሳያቸው ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ወዲያውም ተሻላቸውና ተነሡ። ምሽቱን ጉዳዩን በስልክ ያማከሯቸው አንድ የቅርብ ባልደረባ፣ ለክፋት ሳይሆን በወዳጅነት፣ "ገና ትናንት አልፈሃል፤ ማን ያውቅብሃል?" አሏቸው። ወንድሜ የአባታችንን አውቶቡስና የዘበኛውን ወንበር ያሰቡት ያን ጊዜ እንደነበር በኋላ ነግረውኛል።

በነጋታው የተመደበላቸውን በረራ እንደማይሠሩ ለመሥሪያ ቤታቸው አስታወቁና ወደ እመት አይሆንም ቢሮ ገብተው፣ "የፈረሙልኝን ወረቀት መልሼ አምጥቻለሁ፤ ደረቴ ልክ አይደለም" አሉ። ሐኪሟ በሥራ ዘመናቸው ወረቀት የሚለምናቸው እንጂ ወረቀት የሚመልስላቸው ሰው አጋጥሟቸው ስለማያውቅ መነጽራቸውን አውልቀው ተነሡና ራሳቸው ክንዳቸውን ይዘው ወደ ልብ ሐኪም ወሰዷቸው። ከልብ የደም ሥሮቻቸው አንዱ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ተገኘ። በእጅ አንጓቸው በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ የጠበበው ሥር ተከፈተ፣ እንዳይዘጋም ስቴንት የሚባል የሽቦ መረብ ተቀመጠበት። ሕይወታቸው ተረፈ፤ ወረቀታቸው ግን ቀረ።

ካፒቴን ቤት ዋሉ። ቤት የዋለ አብራሪ ምን ያህል መከራ እንደሆነ የሚያውቀው አብሮት የዋለ ነው። በመስኮት በኩል የሚያልፈውን አውሮፕላን ድምፅ እየሰሙ ይሄኛው ቸኩሏል፣ ያኛው ዘግይቷል እያሉ ይፈርዳሉ፤ ባለቤታቸውን ላግዝ ብለው የመድኃኒት ቤቱን መደርደሪያ በፊደል ተራ በማስተካከላቸው፣ ባለቤታቸው የሳል ሽሮፕ ፍለጋ ግማሽ ቀን አጥፍተዋል። ሁሉም ሳቅ አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስሄድ የደንብ ልብሳቸውን ሲተኩሱ አገኘኋቸው፤ የሚለብሱበት ቀን እንዳልነበራቸው ሁለታችንም እናውቃለን። ካውያውን አስቀምጠው፣ "ካልመለሱልኝስ?" አሉኝ። ታላቅ ወንድሜን ፈርተው ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔም የእጅጌውን ጫፍ ያዝኩላቸው፣ እሳቸውም ተኩሰው ጨረሱ።

ወረቀቱ እንዲመለስ የግማሽ ዓመት ቆይታ ካለፈ በኋላ በሚሽከረከር መሮጫ ላይ እየሮጡ ልባቸው መታየት ነበረበት። ካፒቴን ነገርን በልክ የሚያደርጉ ሰው ቢሆኑም እዚህ ላይ ሳቱ፤ የልብ ሐኪሙ ተራመዱ ቢላቸው እሳቸው የእኔን ፎቅ ደረጃ ጠዋትና ማታ እየወጡ እየወረዱ ጎረቤቶቼን አሳበዱ፣ ጉልበታቸውንም አሳበጡ። በምርመራው ቀን ልባቸው እንደ ሰዓት እየሠራች ጉልበታቸው ከዳቸውና መሮጫው ቆመ። ያላለቀ ምርመራ ደግሞ እንዳላለፈ ይቆጠራል። በወረቀቱ ላይ የሚወስነው የሐኪሞች ጉባኤ ለሌላ ጊዜ ቀጠራቸው፤ ባለቤታቸውም ደረጃውን በሕግ ከለከሏቸውና ሥራቸውን ሲጨርሱ በየምሽቱ ክንዳቸውን ይዘው በሜዳው መንገድ ያራምዷቸው ጀመር። የሚገርመው፣ ሁለቱም ከሃያ ዓመት ትዳር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የተጨዋወትነው ያን ጊዜ ነው ይሉ ነበር።

በሁለተኛው ምርመራ በቃ ውረዱ እስኪባሉ ድረስ ሮጡ። ጉባኤው ሲመክር እመት አይሆንም፣ ችግሩን ራሱ መጥቶ የነገረንን ሰው ካልመለስን፣ ነገ የሚነግረን ሰው አናገኝም ብለው እንደተከራከሩ ከጉባኤው አባላት ሰምተናል። በመጨረሻም ስልክ ደወሉላቸውና ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣ "ይሆናል" ብለው ዘጉት። ወንድሜ መነጋገሪያውን እንደያዙ ወጥ ቤት ገብተው አለቀሱ፤ ባለቤታቸውም አብረው አለቀሱ፣ ወጡም አረረ። ወረቀቱ ሲመጣ፣ በየስድስት ወሩ ይመርመሩ፣ ሌላ ብቁ አብራሪ አጠገባቸው ሳይኖር አይብረሩ የሚል ገደብ ነበረበት። ባለቤታቸው አንብበው፣ ይህንን ገደብ እኔ ገና በሠርጋችን ቀን ጥዬበት ነበር አሉ።

በተመለሱበት በረራ ላይ አውሮፕላን እንደ ጦር የምፈራው እኔም ተሳፍሬ ነበር። ስለ ልባቸው በድምፅ ማጉያ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱና መንገደኛውን እንዳያስደነግጡ ባለቤታቸው አስምለዋቸው ስለነበር፣ ስለ አየሩና ስለ ከፍታው ብቻ ተናገሩ፤ ሲጨርሱ ግን ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ "ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ" አሉ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ይህ አብራሪ ምን ሆኗል ብለው ጠየቁኝ፤ ጉንፋን ነው አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ሕጉ እስከሚፈቅደው ዕድሜ ድረስ በረሩ። ከዚህ ሁሉ የበለጠው ሥራቸው ግን መሬት ላይ የሠሩት ይመስለኛል። አንድ ወጣት አብራሪ ደረቱ ሲወጋው፣ ሌላዋ ራሷን ሲያዞራት፣ ቀድሞ ቢሆን የሚደብቁትን ይዘው ወደ ካፒቴን ቤት መምጣት ጀመሩ። እሳቸውም እያሳቁ፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣ እስከ እመት አይሆንም በር ድረስ አብረዋቸው ይሄዳሉ። ሁሉም ወደ ሰማይ አልተመለሰም፤ ሁሉም ግን ዛሬ በሕይወት አለ። ብዙዎቹ እዚህ ቆመው አያለሁ።

ካፒቴን ባለፈው ዓመት ጉበታቸውን ታመው ከአልጋ ዋሉ፤ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው መሆኑ ነው። ሌላው አካላቸው ሲደክም ልባቸው ብቻዋን እምቢ አለች። ሰሞኑን እመት አይሆንም ከዘራቸውን ተመርኩዘው ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ ማዳመጫቸውን ደረታቸው ላይ አኑረው ለረጅም ጊዜ ሰሙና፣ "ይቺ ልብ ዛሬም ብቁ ናት፤ እፈርምላታለሁ" አሏቸው። ወንድሜ ፈገግ አሉ። በማግሥቱ ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ ከሁሉ መጨረሻ ልባቸው ቆማ ዐረፉ።

ካፒቴን ውድ ባለቤታቸውን፣ በአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ማማ ላይ የምትሠራውንና አባቷን ጠብቅ ማለት ደስ ይላት የነበረችውን ሴት ልጃቸውን፣ ከፍታ የሚፈራውንና መምህር የሆነውን ወንድ ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔንም ትተው ሄደዋል። ሕመማቸውን ተናግረው ወረቀታቸውን ካስመለሱት አብራሪዎች መካከል ሁለቱ በቀብሩ ላይ ባለመገኘታቸው ይቅርታ እንድጠይቅላቸው ለምነውኛል፤ በዚህ ሰዓት መንገደኛ ጭነው እየበረሩ ነው። ወንድሜን የማውቃቸው ከሆነ፣ እዚህ ቆመው ከሚያለቅሱላቸው ይልቅ እዚያ መሆናቸውን ይወዱላቸዋል። ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን፣ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥልን፤ እነዚያን ሁለቱንም በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን።