ዳምጠው ዛሬ አርፏል

(ሾላ አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ቢሮ፤ የሰፈሩን እድር ድረ ገጽ የሠራችው ትርሲት ኮምፒውተሯ ላይ አጎንብሳለች፤ ዛሬ ጠዋት በዚያው ገጽ "አረፉ" የተባሉት ልብስ ሰፊ ጋሽ ዳምጠው ከፊቷ ቆመዋል።)

ጋሽ ዳምጠው፦ እጅሽን ከዚያ ነገር ላይ አንሺ! አትንኪኝ ብያለሁ፤ ሞቼ ልዋል!

ትርሲት፦ ኧረ ጋሽ ዳምጠው! ቆመው እየተቆጡኝ እንዴት ነው ሞተው የሚውሉት? ይኸው ስልኬን ይዩት፤ ሊቀ መንበሩ ጋሽ ጌጡ ከጠዋት ጀምሮ እየደወሉ ነው። "ወይ ሰውዬውን አስነሺ፣ ወይ ገጽሽን ዝጊና ወደ ጥሩንባችን እንመለስ" ብለውኛል።

ጋሽ ዳምጠው፦ ጌጡን ተይው። ሞተ ሲባል እቤቴ መጥቶ ፊቴን አየ? ድንኳን ላከልኝ እንጂ! ልጆቹ ካስማውን ሲተክሉ በመስኮት "በርቱ" ብያቸው ነው የወጣሁት። አንዱ እግዜር ይስጥልኝ ብሎኝ ሥራውን ቀጠለ።

ትርሲት፦ ወይኔ ጉዴ! ጥፋቱ የማሽኑ ነው።

ጋሽ ዳምጠው፦ የምን ማሽን? እኔ የማውቀው ማሽን ይሰፋል እንጂ ሰው አይገድልም።

ትርሲት፦ በቅርብ የጫንኩት አዲስ መሣሪያ ነዋ። አባላት የሚጽፉትን እያነበበ፣ ሐዘንም ሆነ ሠርግ፣ ለሁሉም ሰው ራሱ መልእክት ያስተላልፋል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል።

ጋሽ ዳምጠው፦ እና አስተውሎ ነው የገደለኝ?

ትርሲት፦ እርስዎስ ምን ብለው ጻፉ? ላንብብልዎ፦ "ዳምጠው ዛሬ አርፏል። ልብስ የሰጣችሁኝ ነገ ኑ።"

ጋሽ ዳምጠው፦ ታዲያ ምን አጠፋሁ? ጥርሴን አሞኝ ከሥራ አረፍኩ። ሰው አያርፍም?

ትርሲት፦ በእድር ገጽ ላይ "አርፏል" ሲባል እሱ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚገባው። "ነገ ኑ" ያሉትን ደግሞ ቀብሩ ነገ ነው ብሎ ያዘው። ያቺን ኮት ለብሰው የተነሷትን ፎቶ አወጣ፣ ጥቁር ጥለት አደረገባት፣ ለአባላቱ በሙሉ በተናት።

ጋሽ ዳምጠው፦ ሬሳ "ልብስ የሰጣችሁኝ" ይላል እንዴ?

ትርሲት፦ እሱ እንዲህ ብሎ አይጠይቅማ።

ጋሽ ዳምጠው፦ ጥሩንባ ነፊያችን ቢሆን በር አንኳኩቶ፣ ገብቶ፣ በዓይኑ አይቶ ነበር የሚነፋው። ደግሞ ያ ጥለት ከየት የመጣ ነው? ኮቱን አበላሸብኝ።

ትርሲት፦ እሺ፣ እሺ፤ ይቅርታ። አሁን አንድ መስመር ጽፌ ላርመው፤ ሁላችንም እንገላገል።

ጋሽ ዳምጠው፦ አይሆንም።

ትርሲት፦ ለምን? ሞት ተመቸዎት?

ጋሽ ዳምጠው፦ ልቅሶዬን አንብቤ አልጨረስኩም።

ትርሲት፦ ጋሽ ዳምጠው!

ጋሽ ዳምጠው፦ ምን ላድርግ? ሌላው ሰው ልቅሶውን ሳያይ ነው የሚሄደው፤ እኔ ዕድል ቀንቶኝ ደረስኩበት። ይህን እዪው እስቲ፦ "ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማር። የእኔን ቀሚስ ማን ይጨርስልኛል?" አጠገቧ ደግሞ አንዱ በሳቅ የሚንፈራፈር ቢጫ ፊት አስቀምጧል።

ትርሲት፦ እሱስ ጣቱ ስቶት ይሆናል።

ጋሽ ዳምጠው፦ ይኸኛውም ጣቱ ስቶት ነው? "እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ" ይላል። በመስከረም! ከሥሩ ደግሞ በሬሳዬ ላይ ፀጉር የሚያበቅል ቅባት የሚሸጥ አለ።

ትርሲት፦ ሰዉ ምን ላይ እንደሚጽፍ ሳያይ ነው የሚለጥፈው። በሠራሁት ገጽ ሁሉ እንዲህ ነው፤ የእናቶች ገጽ ብሠራ መኪና ይሸጡበታል፣ የመኪና ገጽ ብሠራ ሚስት ይፈልጉበታል። ግን ሻማዎቹንም ይዩልኝ እንጂ! ስንት ሰው ገጹ ላይ በጣቱ ነክቶ ሻማ አብርቶልዎታል። ያቺ ነበልባል እንድትወዛወዝ ለማድረግ ስንት ቀን እንደለፋሁባት ባወቁ።

ጋሽ ዳምጠው፦ ሻማሽ ታምራለች፤ አልዋሽሽም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ጎረቤቴን እልፍነሽን ታውቂያት የለ? ግድግዳ ነው የሚለየን። ሻማውን ስታበራልኝ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ አየኋት። በዚያው ቅጽበት ሬዲዮዋ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ዘፈን ነው ደግሞ! አልቀነሰችውም እኮ።

ትርሲት፦ ምናልባት...

ጋሽ ዳምጠው፦ ምናልባት የለውም። ከነካቻት በኋላ ለቅሶ የደረሰች መሰላት። አንቺ ነሽ ያስመሰልሽባት።

ትርሲት፦ እውነት ለመናገር እኔም ከጠዋት ጀምሮ የሚያበግነኝ እሱ ነው። እድሩን ስልክ ውስጥ ባስገባው ሰው የሚቀራረብ መስሎኝ ነበር። ሐዋሳ ያለው፣ ዱባይ ያለው፣ ፎቅ ላይ ያለው አንድ ላይ ሐዘን ይቀመጣል ብዬ። ሻማዋን ስሠራ መምጣት ለማይችል ሰው ነበር ያሰብኩት። አሁን መምጣት የሚችለውም በእሷ አሳቦ ቀረ። ያናድዳል!

ጋሽ ዳምጠው፦ አይዞሽ፣ አንቺ መርፌውን ነው የሠራሽው፤ ሰዉ ነው ያለ ክር የሚሰፋበት። እኔ ግን ሞቼ የቆየሁት ለእነሱ አይደለም። ወደ ታች ውረጂ። ሻማ ያላበራውን ሰው ፈልጊልኝ።

ትርሲት፦ ሻማ ያላበራ... "ወርዶፋ" የሚለው?

ጋሽ ዳምጠው፦ እሱው ነው። አንብቢልኝ።

ትርሲት፦ "ዳምጠው፣ ወንድሜ። መንገድ ጀምሬያለሁ። ሳልደርስ እንዳትቀብሩት።" ... ማነው ይሄ?

ጋሽ ዳምጠው፦ እድሩን አብረን ያቋቋምን ጓደኛዬ ነው። የልጁ ሠርግ ላይ ተኳርፈን ልጁን ተከትሎ ሐዋሳ ገባ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም።

ትርሲት፦ በምን ተኳረፋችሁ?

ጋሽ ዳምጠው፦ በሱሪ።

ትርሲት፦ በሱሪ?

ጋሽ ዳምጠው፦ የሠርጉን ሙሉ ልብስ እኔ ሰፋሁለት። አማቾቹ ፊት ሲቆም አንዱ እግር አጠረ ብሎ ጮኸ። እኔም "ሱሪዬ ልክ ነው፤ እግርህ ነው የተንሻፈፈው" አልኩት። ሰዉ ሳቀ። በቃ።

ትርሲት፦ በአማቾቹ ፊት እንዲህ ይባላል እንዴ! እና ሱሪው አጥሮ ነበር?

ጋሽ ዳምጠው፦ ልክ ነበር! ሞቼም ቢሆን ልክ ነበር!

ትርሲት፦ ስልክ አይደውሉለትም ነበር?

ጋሽ ዳምጠው፦ በእናንተ ቋንቋ ብሎክ አድርጎኛል። በእኛ ኩርፊያ ነው። ሽማግሌም ልኬበት ነበር፤ ሱሪውን ለብሶ ወጣላቸው። ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ተመለሱ። ምን ዓይነት እርቅ ነው እሱ? ከእድሩ ገጽ ግን አንድ ቀንም አልወጣም። ለምን ይመስልሻል? እኔም የሱቄን መከፈትና መዘጋት እዚያ ላይ የምጽፈው ለደንበኛ ብቻ መስሎሻል? ደንበኛዬ ሁሉ እኮ በሱቄ በር ነው የሚያልፈው። ያ ሰውዬ ያነበው እንደሁ ብዬ ነው።

ትርሲት፦ አሁን ገባኝ። ሕያው መሆንዎን ካወቀ ከመንገድ ይመለሳል ብለው ነው።

ጋሽ ዳምጠው፦ አዎ፤ ልመና ነው እንግዲህ። እስኪደርስ ብቻ ልሙት! በሬን ከፍቶ ሲያየኝ ይስደበኝ፣ በጥፊ ይበለኝ፤ ሐዋሳ ሆኖ ዝም ከሚለኝ እቤቴ ገብቶ ቢጮኽብኝ ይሻለኛል። ናፍቆኛል፣ ትርሲት። ምን ልደብቅሽ፣ በጣም ነው የናፈቀኝ።

ትርሲት፦ አንጀቴን በሉት እኮ። ግን ጋሽ ዳምጠው፣ ሰውን በእንባው አታለው ቢያመጡት ነገ ምን ይልዎታል? ደግሞም እሱ ልጅ አይደለም፤ በር ከፍቶ የሞተ ሰው ቆሞ ቢያይ ልቡ ቀጥ ብትልስ?

ጋሽ ዳምጠው፦ እሱ ልቡ ድንጋይ ነው፤ ምንም አይሆን።

ትርሲት፦ ድንጋይ አሉኝ? ቆይ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ጻፈ።

ጋሽ ዳምጠው፦ ምን አለ? አንብቢ!

ትርሲት፦ "ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል፤ አላፍርም። ደህና ሁን እንኳ ሳልለው ሄደብኝ።"

ጋሽ ዳምጠው፦ ... ወርዶፋ? አለቀሰ ነው የምትዪኝ?

ትርሲት፦ እሱ ነው የሚለው።

ጋሽ ዳምጠው፦ እናቱ ስትቀበር እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰ ሰው ነው እኮ! ጓሮ ሄዶ፣ እኔን በር ላይ አቁሞ ነበር ያለቀሰው። ማንም እንዳያየው እኔ ነበርኩ የምጠብቅለት... አሁን አውቶቡስ ሙሉ ሰው እያየው? ኧረ አይሆንም። አንሺኝ።

ትርሲት፦ ምን አሉ?

ጋሽ ዳምጠው፦ አስነሺኝ፣ ቶሎ በይ! ይመለስ፤ ግድ የለም ይመለስ። በእኔ ውሸት አያልቅስ።

ትርሲት፦ እርግጠኛ ነዎት? አንዴ ከላክሁት...

ጋሽ ዳምጠው፦ ጻፊ አልኩሽ! ያን አስተዋይሽን መጀመሪያ አጥፊው፤ ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይገድልብን።

ትርሲት፦ ከጠዋት ነው ያጠፋሁት። ይበሉኝ።

ጋሽ ዳምጠው፦ "እኔ ዳምጠው ነኝ። አልሞትኩም። ያረፍኩት ከሥራ ነው፤ ጥርሴን አሞኝ። ወርዶፋ፣ እባክህ አታልቅስ። ከፈለግህ ከመንገድ ተመለስ፤ አልቀየምህም። ሱሪው ግን ልክ ነበር።"

ትርሲት፦ ኧረ የመጨረሻዋን ላውጣት!

ጋሽ ዳምጠው፦ እንዳትነኪያት! እሷ ከሌለች እኔ መሆኔን አያምንም።

ትርሲት፦ እሺ። ላክሁት። ... አየው።

ጋሽ ዳምጠው፦ በምን አወቅሽ?

ትርሲት፦ ምልክት አለው። አሁን እየጻፈ ነው።

ጋሽ ዳምጠው፦ ምን ይላል?

ትርሲት፦ እየጻፈ መሆኑን ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ... አቆመ።

ጋሽ ዳምጠው፦ አቆመ? ወረደ በቃ። ከመኪናው ወረደ። መልሶ ብሎክ አደረገኝ።

ትርሲት፦ ይቆዩ እስቲ። ... እንደገና እየጻፈ ነው። ... አሁንም አቆመ።

ጋሽ ዳምጠው፦ ይሄን እየጻፈ ነው፣ አቆመ የሚለውን ነገር ማን ነው የፈጠረው? ጠላት ነው! ሰው ልብ ድካም ቢይዘውስ!

ትርሲት፦ እኔ አይደለሁም፤ በእሱስ የለሁበትም። ... መጣ! መጣ፣ ጋሽ ዳምጠው!

ጋሽ ዳምጠው፦ አንብቢው። አይ፣ ቆይ... እሺ፣ አንብቢው።

ትርሲት፦ "አንተ የማታፍር ሽማግሌ። ዝዋይን አልፌያለሁ፤ አልመለስም። ለቀብርህ ብዬ ያንን ሱሪ ለብሼ ነው የወጣሁት። ተሳፋሪው አብሮኝ ሲያለቅስ ቆይቶ አሁን እግሬን እያየ እየሳቀብኝ ነው። ሜትርህን አውጣ፤ መጣሁልህ።"

ጋሽ ዳምጠው፦ ለብሶት? ለእኔ ቀብር... እሱን ሱሪ ለብሶ?

ትርሲት፦ አይልቀሱ እንጂ! ይኸው ጋሽ ጌጡም ጻፉ፤ ካልሞተ ድንኳኑን እንንቀለው ወይ እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?

ጋሽ ዳምጠው፦ ማን አባቱ ነው የሚነቅለው? እንግዳ አለብኝ በያቸው! ደግሞ ከሥሩ በትልቁ ጻፊልኝ፦ "ዳምጠው ዛሬ አላረፈም። ሱቁ ክፍት ነው።"