ቱፋ አማቱ ፊት ያፈረ ጊዜ

በኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ሆዱ ተከፈተ ከተባለ ያ ሰው አበቃለት ማለት ነበር። አንቺ ዛሬ ሐኪም ልትሆኚ ነውና «እማማ፣ አንጀት በእጅ ሲሰፋ ይሻላል በስቴፕለር?» ትይኛለሽ። ቆዪ፣ የአያትሽን ነገር ላጫውትሽ።

አያትሽ ቱፋ ያኔ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ እዚሁ ሰበታ ከብት ይነግድ ነበር። ታዲያ በፋሲካ ማግስት ሆዱ ተነፋ፣ ተነፋና ከበሮ አከለ፣ ይጮኻል፣ ይንከባለላል፣ እና በእህል ጭነት መኪና አዲስ አበባ ሆስፒታል አደረስነው። «አንጀቱ ተጠማዞ ከፊሉ ሞቷል፣ ቆርጠን እንቀጥላለን» አሉን። ቀጠሉት! አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሐኪም በመርፌና በክር፣ በገዛ እጁ ሰፋው።

አጠገቡ ደግሞ ከድር የሚባል የቡራዩ ባለሱቅ ተኝቷል። የሱን አንጀት ሌላ ሐኪም ከውጭ ባመጣው መሣሪያ፣ እንደ ወረቀት መምቻው ጠቅ ጠቅ አድርጎ በሽቦ ገጥሞታል። እና ከድር ተጫዋች ነው፣ «ኦቦ ቱፋ፣ የኔ እኮ የማሽን ነው!» ይለዋል። ቱፋ ደግሞ «አንተ ሆድህ ውስጥ ሚስማር ይዘህ ትስቃለህ?» ይለዋል። ሲስቁ ቁስሉ ያማቸዋል፣ ሆዳቸውን ደግፈው ይስቃሉ፣ ውይ!

ታዲያ ፈስ ከወጣ አንጀቱ መሥራት ጀመረ ማለት ነው፣ ያኔ ሾርባ ይፈቀዳል። ሲስተሯ ጠዋት ጠዋት ትመጣለች፣ ድምጿ ደግሞ የገበያ ነው። «አቶ ከድር፣ ፈስ ወጣ?» «አልሐምዱሊላህ፣ ወጣ!» «አቶ ቱፋ፣ የእርስዎስ?» ቱፋ ጋቢውን እስካፍንጫው ስቦ «ኧረ እኔ! በፍጹም!» በማግስቱም «በፍጹም!»

ሽማግሌው ሐኪም ፊቱ ጠቆረ። ሲስተሯ ወደ ውጭ ጠርታኝ «ስፌቱ ዘግቶ ይሆናል፣ ነገም ካልወጣ እንደገና እንከፍተዋለን» አለችኝ። ወይኔ! እንደገና! አንዴ የተረፈ ሰው ሁለቴ ይተርፋል? ከድር እንኳ ቀልዱን ተወ።

እናቴ ከግርጌው ንቅንቅ አላለችም፣ እንደ ልጇ ነው የምትወደው። ቱፋ ደግሞ፣ ስሚኝ፣ አማቱ ናትና እሷ ፊት እህል እንኳ ጎርሶ አያውቅም! ይሄ ትዝ ሲለኝ «እማዬ፣ እስቲ ውጪ ፀሐይ ሙቂ» ብዬ ሸኘኋትና ጆሮው ሥር ሄጄ፣ «ቱፌ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ እውነቱን ንገረኝ» አልኩት። ዓይኑ እንባ ሞላ። «ከትናንት ጀምሮ ይወጣል። ግን እናትሽ ሰምተው ምን ይሉኛል? ብሞት ይሻላል።»

«እኔስ? ያላንተ ምን ልሁን?» አልኩና እያለቀስኩ ሳቅኩ፣ እየሳቅኩ ሮጥኩ። ሐኪሙ ሲነገረው መጥቶ የቱፋን ግንባር ሳመው። ቱፋም ሾርባ ቀመሰ፣ እናቴን አስወጥተን ነው ታዲያ!

በኋላ ለእናቴ ብነግራት ምን ብትል ጥሩ ነው? «እኔማ ሰምቻለሁ! ግን አማቼን በሰው ፊት ላሳፍራቸው?» ኧረ እግዜር ያሳይሽ! ሰውዬው ሊቀደድ ነው፣ እሷ ክብሩን ትጠብቃለች!

የቱ ይሻላል ላልሽኝ፣ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር፣ ሲስተሯ እያስተረጎመችልኝ። «ደም በደንብ ከደረሰውና ካልተወጠረ ሁለቱም ይይዛል፤ ማሽኑ ይፈጥናል፣ በእጅ ደግሞ አንጀቱ ቢያብጥም እንደሁኔታው እያስተካከሉ ይሰፉታል» አለ። ከድርም ቱፋም አርጅተው ነው የሞቱት። አንቺ ግን በሽተኛሽን ከመጠየቅሽ በፊት አማቱን አስወጪ።

«እማማ፣ ይሄን ለክፍል ጓደኞቼ ላውራው?»

አውሪው! የቱፋን ስም ግን እንዳትጠሪ፣ ባለበት ያፍራል።