ሜዳውን በሦስት መኝታ ቤት የጠበቁት ሰው

በትክክል ላላስታውሰው እችላለሁ እትዬ ብርቄ፣ ግን ባለፈው ጓሮዎ ስመጣ ይህ እንሰት ትከሻዬ ጋ ነበር የሚደርሰው። ወይስ ደረቴ ጋ? ዛሬ ቀና ብዬ ነው የማየው። ዝናቡ ተስማምቶታል። እኔን ግን ከዋጫ ከተማ እስከዚህ በጭቃ አስለቀሰኝ።

ሜትሩን ይዣለሁ። ከመፈረምዎ በፊት ጓሮዬን ለካልኝ ብለው የለ? ቀስ ብለን እንለካዋለን። «ጓሮው ይጠበቅ» የሚለውን ወረቀት ያመጡት እንግዳዎም ታዛው ሥር ስልክ እያወሩ ነው። እስኪጨርሱ ስለ ሌላ ሰው ላጫውትዎት። ስም አልጠራም፤ ሰው በሌለበት ስሙን ማንሳት ደስ አይለኝም። ድምፄን ከፍ ያደረግሁትም ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ነው...

እና ቦንጋ እየሰፋች የእርሻውን ዳር ስትነካ፣ የወንድምዎ የጋሽ ወልደሥላሴ የበቆሎ ማሳ ቤት እንዳይሠራበት ብለው ኮሚቴ ያቋቋሙ አንድ ደግ ሰው ነበሩ። ክፍት ሆኖ ለልጅ ልጅ ይቆይ አሉ። ጋሽ ወልደሥላሴም እያረሱት ሊኖሩ ተስማምተው ፈረሙ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ይገኛል? በስብሰባው ላይ እንባ እየተናነቃቸው፣ «እዚህ ሜዳ ላይ ቤት ከሚሠራ እኔ ልቀበርበት» ያሉ ይመስለኛል። ወይስ «እኔ ልሙት» ነው ያሉት? ስለ ቃሉ እርግጠኛ አልነበርኩም።

መቼም ሜዳ ራሱን አይጠብቅም። የጥበቃ ቤት አስፈለገ፤ አንዲት ክፍል ብቻ። ጠባቂ ሲፈለግ ደግሞ በታማኝነት ከእሳቸው ማን ይበልጣል? ከነቤተሰባቸው ገቡ። ያቺ ክፍል ሦስት መኝታ ቤት ወለደች። ሌላው ጠባቂ ቆሞ ነው የሚያድረው፤ እሳቸው ግን በሦስት አልጋ ጠበቁት! ከብት እንዳይገባ ዙሪያውን ግንብ አጠሩ። ግንቡ ሜዳውን ሲጋርድባቸው፣ ሜዳውን ለማየት ፎቅ ሠሩ። ምን ያድርጉ ታዲያ? የሚጠብቁትን ሳያዩ ይጠብቁ?

ፎቁ ላይ ሲወጡ በቆሎው እይታ ከለከላቸው። ተቆረጠ። መሬቱ ባዶውን ሲቀር ጨቀየ፤ ጎብኚ እንዳያንሸራትተው ሲሚንቶ አለበሱት። በኋላ ግን ቦታው የእርሻ መሬት መሆኑን ሰው እንዳይረሳ ተጨነቁ። ይህን ነው የማደንቅላቸው... በግንቡ ላይ በቆሎ አሣሉበት። ቆጠርኩት፤ ዐሥራ አራት አገዳ ነው። አንዱም አልነቀዘም። ዝንጀሮ እንኳ አይደፍረውም። እውነቱን ይንገሩኝ እትዬ፣ ጋሽ ወልደሥላሴ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ በቆሎ አምርተው ያውቃሉ?

ወንድምዎ እንኳ ማሳቸውን ሊያዩ ሄደው የጉብኝት ሰዓት ነው የተነገራቸው። እሑድ ከስድስት እስከ ስምንት። ጥበቃ ማለት ይህ ነው፤ ባለቤቱ እንኳ አልደረሰበትም!

የእርስዎ ወረቀት ግን ሌላ ነው። እኔ ስለ ሌላ ሰው ነው የማወራው። እርግጥ «የጥበቃ ቤት» የሚለው እዚህም ተራ ቁጥር ሦስት ላይ አለ... አጋጣሚ ይሆናል። እኔ ስጠራጠር ነው የኖርኩት፤ ጥርጣሬዬን አይስሙ። ይህ እንሰት እንደገና ተተክሎ፣ ተፍቆ ቆጮ ለመሆን እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ብቻ ያስቡ። እስኪደርስ ምን እንደሚበሉም። ከእኔ እርስዎ ያውቁታል።

እስክሪብቶውን ለጊዜው ያስቀምጡት። በዚያ እጅዎ የሜትሩን ጫፍ ይያዙልኝ... እንደሱ።

ስልኩ አለቀ መሰለኝ። ኧረ ይግቡ ጋሼ፣ ዝናብ አይምታዎት! እዚህ ስለ አንድ ደግ ሰው እያወራን ነበር። ምነው ቆሙ? እርስዎ አያውቋቸውም።

እትዬ፣ አሜን ይበሉ። ጋሼም አሜን ይበሉ። እግዚአብሔር ለእኚያ ደግ ሰው ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና ይስጣቸው። የልጅ ልጅ ያሳያቸው። ጊዜው ሲደርስም የተመኙትን አያሳጣቸው፤ በጠበቁት ሜዳ ላይ በሰላም ያሳርፋቸው። ቃለ ጉባኤውን ዐርብ ዕለት አነበብኩት፤ «ልቀበርበት» ነው የሚለው። ሲሚንቶ ያልነካው አፈር መቅረቱን ግን ተጠራጥሬ ነበር። ትናንት በጉብኝት ሰዓት ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። ቀርቷል። ከፎቁ ደረጃ ሥር፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከዐሥር፣ ወርዱ ሰባ ሳንቲ ሜትር። እንዳልሳሳት ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ።