አማቴ ያጠቡት ዘንግ

የሚኒባሴ ሞተር መንቀጥቀጥ ሲያበዛ ባላንሰር ሻፍቱን፣ ያንን ንዝረት የሚያበርደውን ዘንግ፣ ራሴው ግቢዬ ውስጥ ፈታሁት። ስመልሰው እንዳልሳሳት ዘንጉና ማርሹ የሚነካከሱበት ጥርስ ላይ በሚስቴ የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አደረግሁ። ከዚያ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ያለቀ ኩሽኔታ የሚተካ አዲስ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ዘንጉም ማርሹም ሳፋ ውስጥ ያበራሉ። ከአጅባር ሊጠይቁን የመጡት አማቴ በሳሙናና በሽቦ ፈትገዋቸዋል። "ቀይ ነገር ተለቅልቆበት ነበር ልጄ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ለቀቀልኝ" አሉኝ። አማት ላይ አይጮህም። "አላህ ይስጥልኝ እማማ" ብዬ ጓዳ ገባሁና ትራስ ነከስኩ።

ሚስቴ ሳቋን እንደምንም ይዛ ስልኳን አቀበለችኝ። ጠዋት ነጥቡን ስቀባ ፎቶ አንስታኝ፣ ጅዳ ላለችው እህቷ "መካኒኩን እይልኝ" ብላ ልካላት ኖሯል። ሲስቁብኝ የዋሉበትን ፎቶ ሳሰፋው ከተጨማደደው ግንባሬ በታች ቀዩ ነጥብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥርሱን ከፎቶው እየቆጠርኩ፣ አዲሱን ኩሽኔታ አስገብቼ ገጠምኩት። ሳስነሳው ሞተሩ መንቀጥቀጡን ትቶ ለስለስ ብሎ ሠራ። አማቴ ኮፈኑን ዳሰስ አደረጉና በአጥር ለሚያየን ባለ ባጃጅ ጎረቤቴ "ቆሽሾ ነው እንጂ ምንም አልነበረውም፤ ባጥበው ዳነ" አሉት። ስለ ኩሽኔታው ማን ይስማኝ።

በማግስቱ ጠዋት በር ተንኳኳ። ጎረቤቴ የባጃጁን ሞተር ፈታቶ በሳፋ ተሸክሞ ቆሟል። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ሳፋውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና፣ "እማማ አሉ?" አለኝ።