ልጄን ያጠፋብኝ ድራይቨር

የበደለኝ ላፕቶፕ ጠጋኙ ከድር ነው። ልጄ ጅዳ ስታገባ መሄድ አልሆነልኝም፤ የኒካሁን ቪዲዮ ነው በየቀኑ የማየው። የቻርጀሩን መሰኪያ ሥራልኝ ብዬ ብሰጠው፣ ሳልጠይቀው ላፕቶፑ የሚሠራበትን የሊኑክስ ፕሮግራም ምስል የሚያሳየውን ክፍል፣ ድራይቨር የሚሉትን፣ በአዲስ ቀይሮ መለሰልኝ። ቤት ገብቼ ቪዲዮውን ስከፍተው እልልታው ይሰማል፤ ልጄ ግን የለችም፤ ስክሪኑ ጥቁር! ተመልሼ «ማል ጎቴ? ምን አደረግህብኝ?» አልኩት። የአበባ ፎቶ ከፈተና «ይኸው ይሠራል፤ ምናልባት ዓይንዎ ይሆናል፣ እማማ» አይለኝም! ዓይኔ! ሰንበቴ ገበያ ከብት ለይቼ የምገዛበት ዓይኔ! «ላም ሳትታለብ አትገዛም። ፎቶማ የቆመ ነገር ነው፤ ቪዲዮውን አስኪደው!» አልኩት። አስኬደው፤ ጨለመ። «በል የድሮውን መልስልኝ።» «የድሮው አይመከርም፣ እማማ።» «እኔስ የድሮ አይደለሁ? ይኸው እሠራለሁ!» አንገቱን ደፍቶ «እሺ፣ ነገ ይምጡ» አለ።

በማግስቱ ሱቁን ሳይከፍት ደጁ ላይ ጠበቅኩት። የድሮውን መለሰና «ጨርሻለሁ፤ ይውሰዱት» ሲለኝ፣ የራሱን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ከድርም ደንበኞቹም ቆመው እየጠበቁ፣ ኒካሁን ከቢስሚላው እስከ ዱዓው አየሁት።